ነብርና ዘንዶ በአንድ ማዕድ

ጠባያቸው እሳትና ጭድ የሆኑ ሁለት ወጣቶችን አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ቀላል ነው። የሚከብደው ለምን እንደማይለያዩ ማሳመን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፍቅርን የሚያሳዩ አኒሜዎች፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽኖች፣ በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ጠቡ በመጀመሪያው ክፍል ያስቃል፣ በሁለተኛውም ያስቃል፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ተመልካቹ «ታዲያ ለምን ትቷት አይሄድም?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ የቀረው ሁሉ ጫጫታ ይሆንበታል። «ቶራዶራ!» የተባለው አኒሜ ይህን ጥያቄ ገና ከመነሻው በአንድ ሰሃን የተጠበሰ ሩዝ ይመልሰዋል። ከ15 ዓመት በላይ አልፎትም አሁንም ደጋግሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መነሻው ዩዩኮ ታኬሚያ የጻፈችው ላይት ኖቭል ነው፤ ማለትም በጃፓን በተለይ ለወጣቶች የሚታተም፣ ለኪስ የሚመች፣ መሐል መሐሉ ላይ ሥዕል ያለበት ልቦለድ። ዋናው ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2009 በ10 ቅጽ ወጣ። ጄሲ ስታፍ የተባለው ስቱዲዮ ወደ አኒሜ ሲያመጣው 25 ክፍል አደረገው፤ ከኦክቶበር 2008 እስከ ማርች 2009 በቴሌቪዥን ታየ። ዳይሬክተሩ ታትሱዩኪ ናጋይ፣ ጽሑፉን የመራችው ማሪ ኦካዳ፣ የገጸ ባሕርያቱን መልክ ለአኒሜ የነደፈው ማሳዮሺ ታናካ ናቸው።

10 ቅጽ ለ25 ክፍል ሲካፈል ለአንድ ቅጽ ሁለት ክፍል ተኩል ይደርሰዋል። አንድ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የመክፈቻውና የመዝጊያው ዘፈን 90፣ 90 ሰከንድ ይወስዳሉ፤ ለታሪኩ የሚተርፈው 21 ደቂቃ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ የመዋኛው ወቅትም፣ የትምህርት ቤቱ በዓልም፣ ገናም እያንዳንዳቸው የሚያገኙት ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ነው። ጥበቱ ጠቅሞታል። አንድ አለመግባባት ተጎትቶ ተጎትቶ ወር የሚሞላበት ቦታ የለውም።

ስሙን መፍታት ግማሹን ሥራ ያቀላል። «ቶራ» በጃፓንኛ ነብር ነው፤ «ዶራ» ደግሞ «ዶራጎን» ከሚለው የተቆረጠ ነው፣ ዘንዶ። ልጅቷ ታይጋ አይሳካ ትባላለች፤ ስሟ ጃፓኖች «ታይገር» ለማለት ከሚያወጡት ድምፅ ጋር አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልጁ ሪዩጂ ታካሱ ነው፤ ስሙ የሚጻፍበት የመጀመሪያው ምልክት ዘንዶ ማለት ነው። የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአእምሮው ማስተካከል አለበት። ነብሩ ዝንጉርጉሩ የእኛ ነብር አይደለም፤ ጥቁር መስመር የወረደበት የእስያው ነው። ዘንዶውም ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋው ዘንዶ አይደለም። በምሥራቅ እስያ ሥዕል ነብርና ዘንዶ ፊት ለፊት የሚሣሉ አቻዎች ናቸው፤ ዘንዶው ደመና ሲያስነሳ ነብሩ ነፋስ ያስነሳል፣ አንዱ ሌላውን አይጥለውም። ይህን ያወቀ ሰው ርዕሱን ሲያነብ የሚያስበው ተቃራኒዎችን አይደለም፤ እኩያዎችን ነው።

ሪዩጂ ከያኩዛው፣ ማለትም ከጃፓን የወንበዴ ቡድን አባል ከነበረው አባቱ፣ ክፉ የሚመስል ዓይን ወርሷል። ዝም ብሎ ሲያይ ሊደበድብ የተነሣ ይመስላል፤ አዲስ ክፍል በገባ ቁጥር ልጆቹ መንገድ ይለቁለታል። ቤቱ ሲገባ ግን ያው ልጅ ሽርጥ ታጥቆ ይጠርጋል፣ ያበስላል፣ ሌሊቱን መጠጥ ቤት ስትሠራ ላደረች እናቱ ምግብ ያቀርባል። ታይጋ ቁመቷ 145 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ አሻንጉሊት የመሰለች ልጅ ናት። ተማሪው ያወጣላት ቅጽል ስም «የመዳፍ ነብር» ነው፤ በመዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ትነክሳለች። ይህች ልጅ ለዩሳኩ ኪታሙራ ያዘጋጀችውን የፍቅር ደብዳቤ ተሳስታ ሪዩጂ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ሌሊት የእንጨት ሰይፍ ይዛ ቤቱ ትገባለች፣ ያየውን ልታስረሳው። ፖስታው ደግሞ ባዶ ነው፤ ደብዳቤውን መክተት ረስታለች። በጠቡ መሐል ሆዷ ይጮሃል፣ በረሃብ ትዝለፈለፋለች። ሪዩጂ የሚያደርገው ነገር የ25ቱም ክፍል መሠረት ነው፦ ምድጃ ይለኩሳል፣ ሩዝ ይጠብሳል፣ ያበላታል።

ከዚያ በኋላ ነው ውሉ የሚታሰረው። እሷ የሱን ጓደኛ ኪታሙራን ትወዳለች፤ እሱ የሷን ጓደኛ ሚኖሪ ኩሺኤዳን ይወዳል፤ ሊረዳዱ ይስማማሉ። የዘርፉ ልማድ እንዲህ ያለ ውል ማሰር ነው፣ ብዙ አኒሜዎችም ይጠቀሙበታል። እዚህ የሚለየው ውሉ በየቀኑ የሚከናወን ሥራ ያለው መሆኑ ነው። ታይጋ ከአባቷና ከእንጀራ እናቷ ተለይታ ብቻዋን በቅንጡ አፓርታማ ትኖራለች፤ ሕንጻው ከሪዩጂ ቤት ጎን ቆሞ ፀሐዩን ጋርዶበታል። መስኮት ለመስኮት ናቸው። ቤቷ ሲገባ ሲንኩ ያልታጠበ ዕቃ ሞልቶበት ሸትቷል። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። ሪዩጂ እጅጌውን ሰብስቦ በደስታ ይጀምራል።

የሱ መሣሪያ ስም አለው፣ «የታካሱ ዱላ»። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ተበልቶበት የሚጣል የእንጨት ቾፕስቲክ ይወሰዳል፤ ጫፉ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ጨርቁ እንዳይፈታ በላስቲክ ይታሰራል። ጣት የማይገባበትን የመስኮት ጥግና የንጣፍ ስንጥቅ ለመፈልፈል ነው። ልብ ማለት የሚገባው ዕቃው የተሠራበትን ነገር ነው፦ ሊጣል የነበረ እንጨት፣ ሊጣል የነበረ ጨርቅ። ድሃ ቤት ያደገ፣ ምንም ነገር ማባከን የማይወድ ልጅ እጅ ሥራ ነው። ገጸ ባሕሪውን ለማስረዳት ከመቶ ቃል ንግግር ይህ ዱላ ይበልጣል። ዱላው ሁሌ ያስቃል፤ ታሪኩ ግን ከጀርባው አንድ ቁም ነገር አስቀምጧል። ሪዩጂ ፍቅሩን በአፍ መናገር አይችልም፣ ሻጋታ በመፈልፈል ይናገራል። በመዋኛው ወቅት ታይጋ በደረቷ ማነስ ስታፍር ሌሊቱን ቁጭ ብሎ በመዋኛ ልብሷ ውስጥ ስፖንጅ የሚሰፋላት እሱ ነው። ሳቁና እንክብካቤው አንድ መርፌ ላይ ናቸው።

እንዲህ ላሉ ታሪኮች የሚሰጠው «የማይጣጣሙ ጠባዮች» የሚለው መጠሪያ ይህን ታሪክ በጥቂቱ ያሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ታይጋና ሪዩጂ እርስ በርሳቸው አይደለም የማይጣጣሙት፤ እያንዳንዳቸው ከገዛ ፊታቸው ጋር ነው ያልተጣጣሙት። እሱ መልኩ ወንበዴ ነው፣ ልቡ የቤት እመቤት። እሷ መልኳ አሻንጉሊት ነው፣ ልቧ የተቆጣ አውሬ፣ ከአውሬው ሥር ደግሞ የተረሳች ሕፃን። ሁለቱም ሰው በፊታቸው ሲፈርድባቸው አድገዋል። የሚገናኙት ጎዶሎና ሙሉ ስለሆኑ ሳይሆን ተመሳሳይ ቁስል ስላላቸው ነው። ይህ ከተያዘ ሌሎቹ ሦስቱም ይፈታሉ። ሚኖሪ የሶፍትቦል ቡድኑ አለቃ ናት፣ በየቦታው የትርፍ ሰዓት ሥራ ትሠራለች፣ ስትቀልድ አታርፍም፤ ቀልዱ ግን ሰው እንዳይቀርባት ያቆመችው አጥር ነው። ኪታሙራ መነጽር ያደረገ ታማኝ የክፍል ተወካይ ነው፤ ውስጡ ግን ጠጉሩን ቢጫ ቀብቶ ሁሉን የሚጥል ልጅ አለ። በአምስተኛው ክፍል የምትመጣው አሚ ካዋሺማ ሞዴል ናት፤ በሰው ፊት ማር፣ ዞር ሲሉ እሬት። አምስቱም ጭምብል አላቸው፤ ጭምብሎቹ የሚወልቁበት ቅደም ተከተል ነው የታሪኩ ቅደም ተከተል።

ለማነጻጸር አንድ ሌላ ሥራ ማንሳት ይበቃል። የአያ ናካሃራ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) የሆነውና በ2007 በ24 ክፍል አኒሜ የሆነው «ላቭሊ ኮምፕሌክስ» ኦሳካ ውስጥ ስላሉ ሁለት ተማሪዎች ነው። ሪሳ 172 ሴንቲ ሜትር፣ ኦታኒ 156 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ 16 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ እሷ የምትበልጥበት። አስተማሪያቸው በአንድ ረጅምና በአንድ አጭር የታወቁ የኦሳካ ኮሜዲያን ጥንድ ስም ይጠራቸዋል። የኦሳካ የመድረክ ቀልድ አንዱ ሲቃዥ ሌላው ፈጥኖ የሚያርምበት የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ የሁለቱ ልጆች ጭቅጭቅም በዚያው ምት ይሄዳል። እነሱም ቁመታቸው እንጂ ጠባያቸው አይለያይም፤ የሚወዱት ሙዚቃ እንኳ አንድ ነው። ጥሩዎቹ ሥራዎች ሲመረመሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፤ ልዩነቱ ከቆዳ አይዘልቅም።

ወደ «ቶራዶራ!» ስመለስ፣ በሰብታይትል ለሚያይ ሰው የሚጠፋ አንድ ነገር አለ፤ አጠራሩ። በጃፓን ትምህርት ቤት የክፍል ጓደኛ የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ነው፣ ብዙ ጊዜም «ኩን» ወይም «ሳን» የሚል የአክብሮት ቅጥያ ታክሎበት። ሚኖሪ ሪዩጂን «ታካሱ ኩን» ነው የምትለው፤ እሱም «ኩሺኤዳ» ይላታል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቢመኛትም ከዚህ አያልፍም። ታይጋና ሪዩጂ ግን ብዙ ሳይቆዩ ያለ ምንም ቅጥያ «ታይጋ»፣ «ሪዩጂ» ይባባላሉ። በእኛ ቋንቋ «እርስዎ» ይባል የነበረ ሰው በድንገት «አንተ» ሲባል ጆሯችን ቀጥ እንደሚል ሁሉ፣ የጃፓን ጆሮ እዚህ ላይ ይቆማል። የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ሁለቱ እንደ ቤተሰብ መሆናቸውን ከነሱ በፊት የሰማው በዚህ ነው። ሰብታይትል ስሞቹን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ከጻፈ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የጃፓንኛውን ድምፅ ይዞ፣ ስም በተጠራ ቁጥር ጆሮን ማቅናት ይጠቅማል። የታይጋን ድምፅ የምትሰጠው ሪኤ ኩጊሚያ ናት፤ ቁጣውን ከፍ አድርጋ ትጀምርና በመጨረሻው ቃል ላይ የሕፃን ድምፅ ታስገባበታለች፤ ይህን የትርጉም ጽሑፍ አያሳይም።

ደካማ ጎኑን ሳልደብቅ ልናገር። ታይጋ ሪዩጂን ትመታዋለች፣ «ውሻ» ትለዋለች። ይህ በዘመኑ የተለመደ የቀልድ ስልት ነበር፤ ከውጭ እሾህ ከውስጥ ለስላሳ የሆነችው ልጅ «ሱንደሬ» ተብላ ስም እስከ ማግኘት ደርሳለች። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በዚህ የተነሣ ዛሬ ለሚጀምር ሰው ሊሰለቹ ይችላሉ። ብዙ ተከታዮቹ ሥራዎች የተበላሹትም ድብደባውን ብቻ ቀድተው ምክንያቱን ስለተዉ ነው። እዚህ ምክንያቱ በሁለተኛው ክፍል ይመጣል፦ ሁለቱ ሌሊት መንገድ ላይ ቆመው የመብራት እንጨት ይረግጣሉ፣ ማንም እንደማይረዳቸው ይጮሃሉ። በማግስቱ ታይጋ ለኪታሙራ ልቧን ልትናገር ትሞክራለች፤ ሪዩጂም ነብር አጠገብ ሁሌም የሚቆመው ዘንዶ መሆኑን ነግሯት ከጎኗ ለመቆም ይወስናል። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አይቶ መተው ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል በአንድ ቁጭታ መታየት አለባቸው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ክፍል 11፣ 12 እና 13ን ነው፣ የትምህርት ቤቱን በዓል። እዚያ ላይ ሪዩጂ ይሳሳታል፤ ስህተቱም የተጠና ነው። የታይጋ አባት ተመልሶ ከልጁ ጋር መኖር እንደሚፈልግ ይናገራል። ሪዩጂ አባት አጥቶ ያደገ ስለሆነ፣ አባት ሲመጣ እምቢ ማለት ለሱ ጭራሽ አይገባውም፤ ታይጋን ይቅር እንድትል ይገፋፋታል። ሚኖሪ ግን ያ ሰው ከዚህ በፊት ልጁን እንዴት እንደጣላት ታውቃለች፤ ተቆጥታ ትከራከረዋለች። ሪዩጂ አይሰማም። በዓሉ ቀን አባትየው ይቀራል። ታይጋ በመድረክ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። ብዙ የዚህ ዘርፍ ታሪኮች አለመግባባትን የሚያመጡት ያልደረሰ መልእክት ወይም በበር ሥር የተሰማ ግማሽ ዓረፍተ ነገር አስገብተው ነው። እዚህ አለመግባባቱ የመጣው ከፍቅር ነው። ልጁ ለሷ የተመኘላት ለራሱ የተመኘውን ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ይሮጣል፣ ሚኖሪም ትሮጣለች፤ ሩጫው የትምህርት ቤት ውድድር ነው፣ ያስቃልም፣ ጉሮሮም ይይዛል።

የኪታሙራ ታሪክ የሚነገርባቸው ክፍል 14 እስከ 16 እንደ ሌሎቹ አልጠነከሩልኝም። ከተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ጋር ያለው ነገር ዘግይቶ የገባ ነው፤ የፕሬዚዳንቷን ልብ የምናውቀው ጥቂት ነው። የሚያድነው የታይጋ ቁጣ ነው፤ በ16ኛው ክፍል እንደገና የእንጨት ሰይፏን ታነሣለች፣ በዚህኛው ጊዜ ግን ለራሷ ሳይሆን ለሌላ ሰው ስትል።

ከ17ኛው ክፍል ጀምሮ የመክፈቻው ዘፈን ይለወጣል፤ ይህ ተመልካቹ ቀልዱ እየከበደ እንደሚሄድ የሚነገርበት መንገድ ነው። ገና ይመጣል። በጃፓን ዲሴምበር 24 ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ የፍቅረኞች ሌሊት ተደርጎ ይታያል፤ ብቻውን የቀረ ሰው ብቸኝነቱ የሚጎላበት ምሽት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁሉም ለምን እንዲህ እንደሚጨነቁ አይገባውም። ታይጋ የገና አባት እያየኝ ነው ብላ ጨዋ ልጅ ለመሆን ቆርጣለች፤ ለትምህርት ቤቱ ዛፍ የራሷን የመስታወት ኮከብ ታመጣለች። የሚኖሪ ኳስ መስኮት ሰብሮ ይገባል፣ ዛፉን ይጥላል፣ ኮከቡ ይሰባበራል። ሚኖሪና ሪዩጂ መሬት ላይ ተቀምጠው ስብርባሪውን በሙጫ አንድ በአንድ ይለጥፉታል። ሪዩጂ ከሚወዳት ልጅ ጋር ብቻውን ሆኖ የሚያሳልፈው ያ ሰዓት፣ የሚጠግኑት የታይጋን ዕቃ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ማንም ይህን በቃል አያስረዳውም።

በ19ኛው ክፍል ሪዩጂ ብቻዋን ወደቀረችው ታይጋ የሚመጣው የድብ ልብስ ለብሶ ነው። ትልቅ ጭንቅላት፣ ወፍራም እጅ፣ የሚያስቅ አካሄድ። ታቅፈዋለች፣ ይጨፍራሉ፣ ከዚያ ሚኖሪ ትጠብቅሃለች ብላ ትልከዋለች። እንደምትወደው የሚገባት በሩ ሲዘጋ ነው። በባዶ እግሯ ወደ ብርዱ ወጥታ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች፤ ሚኖሪ ታያታለች። የዚህ ትዕይንት ጥበብ የሚያስቀውን ዕቃ ሳያነሣ ማሳዘኑ ነው። የድቡ ልብስ ፊቱን ስለሸፈነው ታይጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውዬውን ያለ ፊቱ አቀፈችው። ስለ ፊትና ስለ ልብ ሲያወራ የቆየ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ልብስ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ክፍል 17፣ 18 እና 19 ሲደመሩ 72 ደቂቃ ገደማ ናቸው፤ እንደ አንድ ፊልም በአንድ ምሽት ይታዩ።

ሁለተኛ ጊዜ ለሚያይ ሰው ምክሬ ዓይኑን ከአሚ እንዳይነቅል ነው። አምስቱ አብረው ለዕረፍት ከሄዱበት የበጋ ቤት ጀምሮ ምን እያደረጉ እንደሆነ አስቀድማ ታያለች፤ ትናገራለችም፤ ማንም አይሰማትም፣ ምክንያቱም ከአፏ የሚወጣው ሁሉ ተንኮል ነው ብለው ስለደመደሙ። ከሚኖሪም ጋር እንዲሁ ነው። በበጋው ቤት ስለ መናፍስት ስታወራ፣ ሌላው ሰው የሚያየውን እሷ ለምን እንደማታይ ስትጠይቅ፣ ፍቅርን እየጠየቀች ነው፤ በመጀመሪያ እይታ ሌላ ቀልድ ብቻ ይመስላል።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍሎች ይፈጥናሉ። ወላጆች በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ፣ ውሳኔዎች በአንድ ሌሊት ይደረጋሉ፤ አንድ ተጨማሪ ክፍል ቢኖር ትንፋሽ ይሰጥ ነበር። ቢሆንም ለማለቅ መቸኮል የለበትም። የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው በዚህ ዓለም ማንም አይቶት ስለማያውቅ ነገር በሚናገር አጭር ንባብ ነው፤ ለስላሳና ጣፋጭ ስለሆነ፣ ቢታይ ሁሉም ስለሚፈልገው ነገር። ብዙ ሰው ዘፈኑን ለማለፍ ሲጣደፍ አብሮ ያልፈዋል። 25ኛው ክፍል ያንኑ ንባብ ይመልሰዋል፤ ሲመለስ የማን ቤት ኩሽና፣ የማን ሰሃን ሩዝ እንደሆነ ይታወቃል።